ከሬዚን የተሠራ ዕቃ አሮጌ ብረት እንዲመስል ማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ለታሪካዊ ቴአትርና ፊልም የሚሆኑ ዕቃዎችን በሬዚን (በፎርማ ውስጥ ፈስሶ በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) እያወጡ ቀለም የሚቀቡ አባላት ላቀረቧቸው ጥያቄዎች እነሆ መልስ። አብዛኞቹ መልሶቼ ከአንድ ሐሳብ ስለሚነሡ እሱን አስቀድማለሁ፦ ብሩሽ ከማንሣትዎ በፊት፣ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን ኖሮ የትኛውን ቦታ እጅ ይዳስሰው፣ በየትኛውስ ቦታ ላይ እርጥበት ይቆይ እንደነበር ይወስኑ።

ጥያቄ፦ የምረጨው ቀለም በአንዳንድ ቦታ ይሸሻል፤ ክብ ክብ ቀዳዳም ያወጣል። ቀለሙ መጥፎ ሆኖ ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። ሬዚኑ ከፎርማው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት በዕቃው ላይ ቀርቶ ነው። ሬዚኑ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ እያሹ ይጠቡት፤ ሲደርቅም በአልኮል ይጥረጉትና ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አይንኩት። የአየር አረፋ የተዋቸውን ቀዳዳዎች በስቱኮ ይድፈኑ። ከዚያም በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረው በ400 ይጨርሱ። ወረቀቱን ውሃ እየነከሩ መሥራት ይሻላል፤ የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነውና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግም አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ ከሥር የሚቀባው ቀለም ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በእጅጉ ያመጣል። ለብርማ ቀለም ጥቁር፣ ለነሐስና ለወርቅማ ደግሞ ቀይ ቡናማ ይቅቡ። ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ መርጨት አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመርጨት ይሻላል፤ ወፍራም ቀለም የቅርጹን ደቃቅ መስመሮች ይደፍናቸዋል።

ጥያቄ፦ ለአንድ የገበያ ትዕይንት 40 የማርትሬዛ ብር በሬዚን አውጥቻለሁ። ብርማ ቀለም ብቀባቸውም የአሻንጉሊት ገንዘብ መሰሉብኝ። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ የጎደለው ጥቁረቱ ነው። የማርትሬዛ ብር ከ1780 በኋላ በየትኛውም ዓመት ቢመታ በላዩ የሚታየው ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. 1780 ነው፤ ምስሏ በላዩ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከብረቱ ውስጥ 83 በመቶ ያህሉ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ብር አይዝግም፤ ነገር ግን በአየር ውስጥ ካለው የድኝ ውሕድ ጋር እየተዋሐደ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ገንዘብ ግን ከፍ ያለው ቦታው ዘወትር ስለሚታሽ ይነጣል፣ ጎድጎድ ያለው ብቻ ጠቁሮ ይቀራል። እንግዲህ በደረቀው ብርማ ቀለም ላይ ጥቁርና ጥቂት ቡናማ አክሬሊክ ቀለም በውሃ አቅጥነው ሙሉ ለሙሉ ይቀቡትና ሳይደርቅ በጨርቅ ላዩን ይጥረጉት፤ ቀለሙ በፊደሎቹ ሥርና በጀርባው ባለው ንስር ላባዎች መካከል ይቀራል። ቡናማውን አይተዉት፣ ጥቁር ብቻውን የፈሰሰ ቀለም ይመስላል። በመጨረሻ የንግሥቲቱን ጉንጭና ትከሻ፣ የንስሩን ደረትና የገንዘቡን ጠርዝ በመጻፊያ እርሳስ (ግራፋይት) ብናኝ በጣትዎ ያሹት፤ ከየትኛውም ብርማ ቀለም ይልቅ ብረት የሚያስመስለው ይህ ነው። አርባዎቹንም አንድ ዓይነት አያድርጓቸው፤ ከአንድ ኪስ የወጡ ብሮች እንኳ እኩል አይጠቁሩም። አንድ ነገር ልጨምር፦ በእያንዳንዱ ላይ ቅጂ መሆኑን የሚገልጽ ትንሽ ምልክት ያኑሩ። ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ዕቃው የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ጎራዴ ሠርቼ ስለቱንም የናስ እጀታውንም ዝገት ቀባኋቸው። አንድ ባልደረባዬ ስህተት ነው አለኝ።

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው። ቀይ ዝገት የብረትና የአረብ ብረት እንጂ የናስ አይደለም። ናስ ወደ ቡናማ ይጠቁራል፣ በስንጥቁ ውስጥም አረንጓዴ ያወጣል፤ እጅ የሚጨብጠው ቦታ ግን ያበራል። በስለቱም ላይ ቢሆን ዝገቱን በሁሉም ቦታ አይበትኑት። የሚሳለው ጠርዝ ንጹሕ ይሁን፣ ዝገቱ ወደ እጀታው ሥርና ወደ ጎድጓዳው መስመር ይጠጋ። ለአሮጌ ዝገት ጥቁር ቡናማ በተቀደደ ስፖንጅ ጠብ ጠብ ያድርጉ፣ ብርቱካንማውን በመሐሉ በጥቂቱ ብቻ ይጨምሩ፤ ብርቱካንማ የትናንት ዝገት ነው።

ጥያቄ፦ የመዳብ አረንጓዴስ?

መልስ፦ ነጭ የተቀላቀለበት ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ውሃ በሚወርድበት አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ይቅቡ። የኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1886 ሲመረቅ የመዳብ ቡናማ መልክ ነበረው፤ አረንጓዴው የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ከአረንጓዴው ሥር ቡናማው እዚህም እዚያም ይታይ።

ጥያቄ፦ ቀለም በመቀባት ፈንታ እውነተኛ የብረት ዱቄት መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ዱቄቱ ከተገኘ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። የነሐስ ወይም የመዳብ ዱቄት ከጥቂት ሬዚን ጋር ቀላቅለው መጀመሪያ የፎርማውን ውስጥ ይቀቡት፣ ከዚያም ንጹሑን ሬዚን ይሙሉበት። ሲወጣ ጭቃ የመሰለ ደብዛዛ ነገር ያገኛሉና አይደንግጡ፤ ላዩ በደቃቅ የብረት ሽቦ ሲፈተግ ብረቱ ይገለጣል። የመዳቡ ዱቄት እውነተኛ ስለሆነ በኮምጣጤና በጨው አረንጓዴ ያወጣል። ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አያገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው።

ጥያቄ፦ ቫርኒሽ ስቀባ ብረትነቱ ጠፋ።

መልስ፦ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ የብርማ ቀለምን ነጸብራቅ ይገድላል። ቫርኒሹን አስቀድመው ይቀቡ፤ የጠርዙን ማብራትና የእርሳሱን ብናኝ ከእሱ በኋላ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ተዋናዩ ገንዘቡን ሲጥለው እንደ ላስቲክ ይሰማል።

መልስ፦ እውነተኛው ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ሲመዝን በዚያው መጠን የተሠራው የሬዚን ቅጂ 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህን ቀለም አያስተካክለውም። ገንዘቡን በቆዳ ከረጢት ውስጥ ከእውነተኛ የብረት ዋሸሮች ጋር ቀላቅለው ይስጡት፤ ድምፁንም ክብደቱንም የሚያመጡት ዋሸሮቹ ይሆናሉ።