የሚስቁብንም ሁለት ዓይን አላቸው

ልጆቼ፣

ባለፈው ኅዳር ከእህቴ ልጅ ጋር ዘጌ ሄደን ነበር። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወረድን በኋላ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ወጥተን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገባን። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነው። ጎበዝ ነው፤ ግን ቶሎ ይናደዳል። የመቅደሱን ግድግዳ ዞሮ ዞሮ ሲያይ ቆየና ክርስቶስን የሚያንገላቱት ሰዎች ሥዕል ጋ ሲደርስ ቆመ። «ጋሼ፣ እነዚህ ለምንድን ነው አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው?» አለኝ።

የድሮ ሠዓሊዎቻችን ደንብ ነው። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ዓይናቸው ይሳላሉ። ክፉዎቹ በጎን ይሳላሉ፤ ስለዚህ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ይህን ነገርኩት። ደስ አለው።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ስልኩን አወጣ። ቲክቶክ ላይ አንድ ልጅ በጾም፣ በጠበል፣ በካህናት ይቀልዳል። የእህቴ ልጅ ከሥር ኮመንት ይጽፋል። አየት አደረግኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት እዚህ አልደግማቸውም። ቀጥሎ ያለው ስለ ልጁ እናት ነበር። መጨረሻ ላይ የመስቀል ኢሞጂ አለ።

«ቆይ፣ አትላከው» አልኩት።

«ዝም ልበል እንዴ ጋሼ? ሃይማኖቴን እየሰደበ!»

ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ሞተሩም ይጮኻል። አሁን ቁጭ ብዬ የምጽፈው ለዚያ ነው፤ ለእሱም ለጓደኞቹም።

እኔ ከ30 ዓመት በላይ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። አብዛኛው ሥራዬ የጣና ዙሪያ ወባ ነው። ስጀምር ማይክሮስኮፓችን ባለ አንድ ዓይን ነበር። መብራት ስለሌለ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እየሰበሰብን ነው የምናየው። እና በአንድ ዓይን ማየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብል አትሳቁብኝ።

ጊዜው ደርግ ነበር። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ አለ። ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው ሲባል እንሰማለን፣ እናጨበጭባለን። እውነቱን ለመናገር እኔን ካድሬው አላስፈራኝም። ያስፈራኝ የጓደኞቼ ሳቅ ነው። ማተቤን «ገመድ» ይሉታል። «ዛሬስ ማን አሰረህ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ጎዝ በምንቆርጥበት መቀስ ቆረጥኩት። ማንም ቁረጥ አላለኝም።

እማማ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ደም የምንቀባበትን ትንሽ መስታወት፣ ስላይዱን፣ የሚያጥቡልንም እሳቸው ናቸው። ጾም ስለማይሽሩ በሻይ ሰዓት መቀለጃችን ነበሩ። እኔም ስቄባቸዋለሁ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ገና የሸሸ ሰው ድምፁ ከፍ ይላል። ማተቡን በቆረጥኩ ማግስት እማማ ያገለገሉትን ስላይዶች ሊወስዱ መጡ። አንገቴን አዩት። «ልጄ፣ አንገትህ ቀለለህ?» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ሳፋቸውን ይዘው ወጡ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ።

እንግዲህ እኔ ሲሳቅብኝ ሸሸሁ። የእህቴ ልጅ ሲሳቅበት ይሳደባል። የእሱ ጀግንነት፣ የእኔ ፍርሃት ይመስላል። አይደለም። ሁለታችንም ሰው ሲስቅበት እምነታችን የሚያንስ መስሎን ነው።

በጎንደር ዘመን ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲሄዱ ይዘውት የሚሄዱት፣ መኳንንቱም የሚምሉበት አንድ ሥዕል ነበር። ኩርዓተ ርእሱ ይባላል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ወሰዱት። እሱን እያዩ የተሳሉት ግን ዛሬም በየቤተ ክርስቲያኑ አሉ። ምን እንደሚያሳይ ልብ በሉ። ክርስቶስ የእሾህ አክሊል ደፍቷል። ወታደሮቹ «ንጉሥ ነኝ አልክ አይደል?» ብለው የተሳለቁበት፣ ራሱን በመቃ የመቱት ሰዓት ነው። ስሙም ይህንኑ መመታት ነው የሚናገረው። ያ ሁሉ ንጉሥ ከሥዕል ሁሉ መርጦ የተሸከመው ጌታው የተቀለደበትን ነው።

ሮም ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1857 ፓላታይን ከሚባለው ኮረብታ ፍርስራሽ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተጫረ ሥዕል ተገኘ። የአህያ ራስ ያለው ሰው ተሰቅሏል። ከሥሩ አንድ ሰው እጁን አንሥቶ ቆሟል። ጽሑፉ በግሪክ «አሌክሳሜኖስ አምላኩን ያመልካል» ይላል። በእናንተ ቋንቋ ሚም ነው። እዚያው አጠገብ ባለ ክፍል ደግሞ በላቲን «አሌክሳሜኖስ ታማኝ ነው» የሚል ተጽፎ ተገኝቷል። ራሱ ይጻፈው ወዳጁ፣ የማንንም እናት አልነካም።

አሁን ወደሚያመው ልምጣ። የሚቀለድብን ሁሉ ውሸት አይደለም።

አንድ ጊዜ ለልምምድ የመጣ ተማሪ ነበረን። እጁ ቀልጣፋ ነው፤ በጠበል ሲቀልድ ግን አያልቅበትም። ሰለቸኝና አንድ ቀን ሰው ፊት ቆጣ አልኩት። ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ማቅለሚያውን እያጣራ ጀመረ። እናቱ የቲቢ መድኃኒት ጀምራ ነበር። ጠበል ቦታ አንድ አጥማቂ ነኝ ባይ «መድኃኒቱን ካልተውሽ እምነት የለሽም» አላት። ተወችው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተች። ይህን ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

የቲቢ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። ሳሉ ቀነሰ ብሎ ያቋረጠ ሰው ይብስበታል፤ ተሕዋሱም መድኃኒቱን ሊላመደው ይችላል። እኔ ያን ተሕዋስ በሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ጭረት ሆኖ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩን አላውቀውም። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። እኔም ይህን ሳውቅ ኖሬአለሁ። ታዲያ ያ ሰው ጠበል ቦታ ቆሞ ሲያወራ እኛ አማኝ የሆንን የጤና ሰዎች የት ነበርን? ለሃይማኖት ክፉ እንዳንባል ዝም ብለን ነበር። የተቆጣነው እናቲቱ ስትሞት ሳይሆን ልጁ ሲቀልድ ነው።

ያን ቀን ስብከት አልሰበክሁለትም። «እግዚአብሔር ያጽናህ። ያ ሰው ዋሽቷታል» አልኩት። «ሰው ፊት ስለተቆጣሁህም ይቅርታ» አልኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ ብዬ ላስደስታችሁ አልችልም። ሰላምታችን ግን እስከ ዛሬ አለ።

ያልተቀለመ ስላይድ ብታዩት ባዶ ነው የሚመስለው። ጊምሳ የሚባለውን ማቅለሚያ አድርጋችሁበት ደቂቃዎች መጠበቅ አለባችሁ። የሚቀልድባችሁን ሰውም መልስ ከመወርወራችሁ በፊት ትንሽ ቆዩት። አንዳንዱ የታዘበ ነው። ጠረጴዛው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል አቁሞ «ለሻይ» የሚል ሠራተኛ አይቷል። መዝሙር ከፍቶ ሚዛን የሚቀሽብ ነጋዴ አይቷል። ይህን አይቶ ቢስቅ ምን ይፈረድበታል? አንዳንዱ ደግሞ በቃ ቀልደኛ ነው። አንድ ወዳጄ በጾም ዓሣ ለብለብ ስበላ አግኝቶኝ «ይሄ ዓሣ ከጣና ሲወጣ ነው የጾም የሆነው ወይስ ድሮም?» አለኝ። ሳቅሁ። ምን ልበል? ቀልዱ ጥሩ ነበር።

የምር የሚጠይቅም አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችሁ የምትቸኩሉት። በእኛ ሥራ በስላይዱ ላይ በወፍራሙ የተቀባውን ደም ቢያንስ 100 ፊልድ፣ ማለት በሌንሱ አንዴ የሚታየውን ክብ መቶ ጊዜ፣ ሳናይ ኔጌቲቭ አንልም። ያኔም የምንጽፈው «የለም» ብለን አይደለም። «ኖ ሄሞፓራሳይት ሲን» ነው፤ በደሙ ውስጥ ተሕዋስ አልታየም ማለት ነው። ስንት ትኩሳታም ሰው ዛሬ አልታየም ተብሎ በሦስተኛው ቀን ታይቶበታል። ይህን ይዛችሁ ክርክር እንድታሸንፉበት አልነገርኳችሁም። እግዚአብሔር ወባ አይደለም፤ እኔም በሌንስ ፈልጌው አላውቅም። የምለው፣ ከምታውቁት በላይ አትጻፉ ነው። «እናቴ ለምን ሞተች?» ለሚል ልጅ ቶሎ ጥቅስ አትምዘዙ። «አላውቅም» በሉት። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ብሏል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን የሚለው ቀጣዩ ግን ፖስተር ላይ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ እምነት እየጠፋ ነው» ትሉኛላችሁ። በአንዳንድ አገር ቁጥሩ ወርዷል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ 59.3 ከመቶው ክርስቲያን ነኝ ብሎ ነበር፤ በ2021 ወደ 46.2 ወርዷል። እኛ ጋ በጥምቀት ዕለት መንገዱ አያሳልፍም። እኔን ግን ባዶ ወንበር ያን ያህል አያስጨንቀኝም። ሞልቶም የሚባክን አለ፤ ከላይ ያልኩት ሚዛን የሚቀሽበው ሰው የሚያስቀድሰው ከፊት ቆሞ ነው።

ደግሞ ተሳለቁብን ስንል ራሳችንን እንይ። ልጆች ሳለን «ጴንጤ» እያልን ከኋላ የተከተልናቸው፣ ድንጋይም የወረወርንባቸው ሰዎች ነበሩ። እነሱም ክርስቲያን ነን ይሉ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስንም የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። አንዱ ፓትርያርክ፣ ሌላው ፓስተር። የሁለቱም አጽም ወጥቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ገዳዮቹ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሲመረምሩ አልዋሉም።

ወደ ጀልባው ልመለስ። የእህቴ ልጅ ኮመንቱን አጠፋው። እያጉረመረመ ነው። ከዚያ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ጻፈ። «ይሄ የጠብ ይመስላል» አልኩት። እሱንም አጠፋው። ሦስተኛው ላይ «ስለ ጠበሉ ያልከው ነገር ደርሶብህ ነው?» ብሎ ላከ። መልስ አልመጣም። ባሕር ዳር ልንደርስ ስንል የልጁን ገጽ ከፍቶ ፎቶውን አተለቀው። ፊት ለፊት የተነሣው ፎቶ ነው። ከጀርባው ዘንባባዎች አሉ፣ ከዘንባባዎቹ ወዲያ ሐይቁ ይታያል። ስልኩን ወደ እኔ አዞረው።

«ጋሼ፣ ይሄ'ኮ የእኛ መንገድ ነው» አለ። «ልጁን ሳላውቀው አልቀርም።»