ከሥራ ስንቀነስ ኢንሹራንሱና ቤኔፊቱ እንዴት ይሆናሉ? ጥያቄና መልስ

እዚህ እንግሊዝ አገር «ሪደንዳንት ተደረግኩ» (ቦታዬ ተዘግቶ ከሥራ ተቀነስኩ) ብለው የሚጽፉልኝ ሰዎች የጋራ ፍርሃት አላቸው። ኢንሹራንስ ወይም የስንብት ገንዘብ እየተቀበልኩ ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) ብጠይቅ ጉድ ይፈላብኛል ይላሉ። በዚህ ፍርሃት የሚገባቸውን ገንዘብ ጥለው የሚቀመጡ መኖራቸው በጣም ያሳዝነኛል። አራት ጥያቄ መርጫለሁ።

«ከሥራ ስቀነስ በወር 900 ፓውንድ የሚከፍለኝ ኢንሹራንስ አለኝ። ጆብ ሴንተር (የመንግሥት የሥራና የቤኔፊት ቢሮ) ብሄድ እሱንም እንዳላጣ ፈርቼ ዝም ብያለሁ። ልክ ነኝ?»

አይደለሽም እህቴ፣ ዛሬውኑ አመልክቺ። ሁለት ዓይነት ቤኔፊት አለ። አንዱ ኒው ስታይል ጆብሲከርስ አላወንስ፣ ሥራ ለሚፈልግ ሰው የሚከፈል ገንዘብ ነው። ይሄ ባለፉት 2 ወይም 3 ዓመታት ተቀጥረሽ ስትሠሪ በከፈልሽው ናሽናል ኢንሹራንስ (ከደሞዝ ላይ ለመንግሥት የሚቆረጥ መዋጮ) የሚገኝ ስለሆነ ቁጠባሽንም፣ የባልሽን ደሞዝም፣ ከኢንሹራንስ የሚገባልሽን 900 ፓውንድም አያይም። በ2025/26 ዕድሜው 25 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በሳምንት 92.05 ፓውንድ ነበር፤ የሚከፈለውም ቢበዛ ለ6 ወር ነው።

ሁለተኛው ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በየወሩ የሚሰጥ ድጎማ ነው። እሱ ሁሉንም ያያል። ደሞዝሽን የሚተካ ኢንሹራንስ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ፓውንድ በፓውንድ ይቀነሳል፣ 900 ከገባልሽ 900 ይነሳል ማለት ነው። ልጆች ካሉሽና የቤት ኪራይ ካለብሽ ግን ከዚያም በኋላ የሚተርፍ ሊኖር ይችላል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ራሱ የኢንሹራንስ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ሆነሽ መመዝገብሽን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ስለዚህ ኢንሹራንሱን ላለማጣት ብለሽ ከጆብ ሴንተር ስትሸሺ ኢንሹራንሱንም ልታጪው ትችያለሽ! ውልሽን አውጪና ሁለት ቦታ ፈልጊ። ክፍያው የሚጀምረው ከስንት ቀን በኋላ ነው? 30፣ 60 ወይም 90 ቀን ሊሆን ይችላል። በፈቃድሽ ከለቀቅሽስ ይከፍላል? ብዙዎቹ አይከፍሉም። ሥራ ቦታ «ፈቃደኛ ካላችሁ» የሚል ወረቀት ሲያዞሩ ይህን ሳታዪ እንዳትፈርሚ።

«የኔ ኢንሹራንስ የሞርጌጄን (የቤት ብድሬን) ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ነው የሚሸፍነው። እሱም ይቀነሳል?»

ገንዘቡ ለሞርጌጁ ብቻ የሚውል ከሆነ በተለምዶ ከዩኒቨርሳል ክሬዲትህ ላይ አይቀነስም። ውሉ ከሞርጌጁ አልፎ ደሞዝህንም የሚተካ ከሆነ ግን ያኛው ድርሻ ገቢ ነው። በጥንቃቄ አንብበው።

«21,000 ፓውንድ ሪደንዳንሲ (የስንብት ገንዘብ) ተሰጠኝ። ቁጠባዬ ከ16,000 በታች እንዲሆን የተወሰነውን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልላክ?»

በዚህ ምክንያትማ እንዳትልክ ወንድሜ። ቤኔፊት ለማግኘት ብለህ ገንዘብ ካሸሸህ አሁንም እጅህ ላይ እንዳለ አድርገው ይቆጥሩብሃል። ገንዘቡም ሄደ፣ ቤኔፊቱም ቀረ ማለት ነው።

ዕዳ መክፈል ግን ይፈቀዳል። የሪደንዳንሲ ገንዘብ እስከ 30,000 ፓውንድ ታክስ የለበትም፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ደግሞ እንደ ቁጠባ ነው የሚያየው። ከ16,000 ፓውንድ በላይ ካለህ ምንም አታገኝም። ከ6,000 በታች ከሆነ አይነካህም። በመሀል ላለው፣ ከ6,000 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 250 ፓውንድ በወር 4.35 ይቀንሱብሃል። እንበልና 7,500 የክሬዲት ካርድ ዕዳ ከፍለህ 13,500 ቀረህ፤ በወር 130.50 ይቀነሳል ማለት ነው። ዕዳውን የከፈልክበትን ደረሰኝ አስቀምጥ፣ መጠየቅህ አይቀርም።

አብሮ የሚሰጥህ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ግን እንደ ደሞዝ ነው የሚታሰበው፣ በገባበት ወር ቤኔፊትህን ዝቅ ሊያደርገው ወይም ዜሮ ሊያደርገው ይችላል። ያን ወር ስታይ ተስፋ ቆርጠህ ማመልከቻውን እንዳትዘጋ።

«58 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አለኝ፣ የ80 ዓመት እናቴ ትኖርበታለች። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ስጠይቅ ማሳወቅ አለብኝ?»

አዎ፣ ያሳውቁ። ውጭ አገር ያለ ቤትም እንደ ሀብት ይቆጠራል፣ «እዚያ ያለውን ማን ያያል» የሚሉዎትን አይስሟቸው። ነገር ግን ለእርስዎ ጥሩ ዜና አለኝ። የቅርብ ዘመድ ለጡረታ ዕድሜ ከደረሰ ወይም በሕመም መሥራት ካልቻለና ቤቱ መኖሪያው ከሆነ የዚያ ቤት ዋጋ አይቆጠርም። እናትዎ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቤቱ ባዶ ቢሆን ወይም ለሌላ ሰው ቢከራይ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ የገበያ ዋጋው ለሽያጭ ወጪ ተብሎ 10 በመቶና ቤቱ የተያዘበት የባንክ ብድር ተቀንሶለት ሀብት ይባላል። የቤቱን ካርታ ወይም ውል ቅጂና የእናትዎን ዕድሜ የሚያሳይ መታወቂያ አዘጋጅተው፣ በኦንላይን ጆርናልዎ (ከዩኒቨርሳል ክሬዲት ጋር መልእክት በሚጻጻፉበት ገጽ) ላይ «እናቴ ትኖርበታለች» ብለው ይጻፉ። በቃል ብቻ ለጆብ ሴንተር ሠራተኛዋ ነግረው እንዳይመለሱ።