ሸራው ተከፍቶም ጭስ ለምን ይገባል? ክፍት መኪና ለሚነዱ ጥያቄና መልስ

ዋዝ፣ አሮጌ ላንድሮቨር፣ ሱዙኪና ጂፕ የሚነዱ ሰዎች የማርሚታ (የጭስ ማውጫ ቱቦ) ጭስ ወደ ተሳፋሪው ስለሚገባበት ምክንያት ብዙ ጥያቄ አቅርበዋል። ተመሳሳዮቹን በአንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ጉዳዩን በቁም ነገር የያዝኩት ከራሴ በደረሰ ነገር ነው፤ እርሱንም በቦታው እናገረዋለሁ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ዋዝ አለኝ፤ በበጋ ሸራውን ገፍፌ ነው የምነዳው። ነፋስ እንደልቡ እየገባ ጭስ የሚሸተን ለምንድን ነው? በክፍት መኪና ውስጥ ጭስ ሊጠራቀም ይችላል?

ይችላል፤ የሚገባውም ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የፊት መስታወቱ አየሩን ወደ ላይና ወደ ጎን ይሰነጥቀዋል፤ ከመስታወቱ በስተኋላ፣ ማለትም እርስዎና ተሳፋሪዎችዎ በተቀመጡበት ቦታ፣ የአየሩ ግፊት በዙሪያው ካለው ዝቅ ይላል። ከመኪናው ጀርባም በተመሳሳይ ሁኔታ አየሩ እየተሽከረከረ ይከተላል። አየር ምንጊዜም ግፊት ወደ ቀነሰበት ስለሚሄድ፣ ከኋላ ስፖንዳው (ከመኪናው የኋላ ግድግዳ) በላይ ተጠምዝዞ ወደ ፊት ይመለሳል፤ በመንገዱም ከማርሚታው ጫፍ የወጣውን ጭስ ይዞ ይገባል። በአቧራማ መንገድ የነዳ ሰው ይህን ያለ ማስረጃ ያምናል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች በአቧራ የሚሸፈኑት በዚሁ ምክንያት ነውና። አቧራው የሚመጣበት መንገድ የጭሱም መንገድ ነው።

በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ አንድ ስንዝር የሚያህሉ የጥጥ ክሮች በስፖንዳው ጠርዝ፣ በመቀመጫው ጀርባና ሸራውን በሚሸከመው ብረት ላይ ይሰሩ፤ ከዚያም ሌላ ሰው እየነዳ በሰዓት በ40 እና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይመልከቷቸው። አንዳንዶቹ ክሮች ወደ ሾፌሩ ሲያመለክቱ ያያሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሸራውን መልበስ ይሻላል ወይስ መግፈፍ?

ከሁሉ የከፋው ግማሽ ክፍት የሆነው ነው፤ ጣሪያውና ጎኖቹ ተሸፍነው የኋላው መጋረጃ ብቻ ሲጠቀለል መኪናው አፉ ወደ ኋላ እንደተከፈተ ሳጥን ይሆናል፤ የገባው ጭስም መውጫ ያጣል። ሙሉ በሙሉ የተገፈፈ ከዚህ ይሻላል። የኋላው በደንብ ተዘግቶ ከፊት በኩል ንጹሕ አየር የሚገባበት ደግሞ ከሁለቱም ይሻላል።

እኔን ያስተማረኝ ይኸው ነው። ከዓመታት በፊት በቤንዚን በሚሠራ ባለ ሸራ መኪና አምስት ሰዎች ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ እሄድ ነበር። ብርዱ ስለጸናብን የጎኑን ሸራ ሁሉ አወረድን፤ ከኋላ ግን የጫንነው ዕቃ ረጅም ስለነበር መጋረጃው ተጠቅልሎ ቀረ። ሸኖን እንዳለፍን ከኋላ የተቀመጡት ራሳቸውን ያዛቸው፤ ጫጫ ስንደርስ ሁለቱ አስመለሳቸው። እኛ ያመካኘነው በበሉት ምግብና በመንገዱ ጠመዝማዛነት ነበር። ወርደው ሜዳ ላይ ሲቀመጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲሻላቸው፣ ተመልሰው ሲገቡ እንደገና ሲያማቸው ነው የነቃሁት። ከሥር ገብቼ ሳይ ቱቦው ከኋላው አክሰል ፊት፣ ብየዳው ላይ፣ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ነበር። ከፊት የነበርነው ሁለት ሰዎች ምንም አልተሰማንም። ሾፌሩ ደኅና ነኝ ስላለ ከኋላው ያለውም ደኅና ነው ማለት እንዳልሆነ የማልረሳው ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሚያፈስበትን ቦታ እንዴት አገኛለሁ? መካኒኩ «ደኅና ነው» ብሎኛል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ይጀምሩ። ያስነሱና ኮፈኑን ከፍተው ያዳምጡ፤ ማኒፎልድ የሚባለው፣ የየሲሊንደሩን ጭስ የሚሰበስበው ብረት፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጓርኒሲዮኑ (በመካከል የሚገባው ማሸጊያ) ካለቀ ወይም ብረቱ ከተሰነጠቀ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ብረቱ ሲግል ስለሚሰፋ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ድምፁም ይጠፋል። መካኒኩ ሞተሩ ግሎ ሳለ አይቶት ከሆነ «ደኅና ነው» ያለው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ አንድ ሰው ወፍራም እርጥብ ጨርቅ በማርሚታው ጫፍ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይያዝ፤ እርስዎ በመኪናው ጎን ሆነው ቱቦውን ከፊት እስከ ኋላ ያዳምጡ። ደኅና የሆነ ቱቦ ጨርቁን በኃይል ይገፋል፤ የሚያፈስ ግን በቀዳዳው ይተነፍሳል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ቱቦው ከቀዘቀዘ በኋላ መጋጠሚያዎቹን ይመልከቱ፤ ጥቁር ጥላሸት የሳለበት ቦታ ሁሉ ጭስ ያመለጠበት ነው። ክሪክ ብቻውን ይዞት ካለ መኪና ሥር ግን ፈጽሞ አይግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ ያድርጉ።

መጨረሻ ላይ ወለሉን ይመርምሩ። ማታ አንድ ሰው ከሥር ባትሪ ያብራ፣ እርስዎ ውስጥ ሆነው ምንጣፉን ገልጠው ይመልከቱ፤ ብርሃን ያሳየዎት ቀዳዳ ሁሉ ጭስ ያስገባል። በአሮጌ መኪኖች ብዙ ጊዜ የማገኘው የካምቢዮው ማንሻ ጎማ ተቀድዶ፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳል መግቢያው ክፍት ሆኖ፣ የወለሉ ላሜራም በዝገት ተበልቶ ነው። ትልቁን በላሜራ ያስበይዱ፣ ትንሹን በማስቲሽ ይድፈኑ፣ የካምቢዮውን ጎማ ይቀይሩ። ከሥር ያለውን ቱቦ ሳያስጠግኑ ወለሉን ብቻ መድፈን ግን ምንጩን ትቶ ጭሱን በሌላ በኩል እንዲዞር ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ገደላገደል ስወጣ እየተጋጨ ስላስቸገረኝ የማርሚታውን ጫፍ አስቆርጬዋለሁ። ጭሱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

ትክክል ነዎት። ቱቦው ከመኪናው አካል ሥር ሲያበቃ ጭሱ በወለሉና በመሬቱ መካከል ይታፈንና ቀዳዳ ባገኘበት ይወጣል፤ የቀረውም በስፖንዳው በኩል ይመለሳል። ጫፉ የግድ ከመኪናው ጠርዝ ማለፍ አለበት። ቀጥታ ወደ ኋላ ከሆነ ከፓራውልቱ (ከኋላው መከላከያ ብረት) ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይለፍ። ይህ በዳገት የሚያስቸግርዎ ከሆነ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ወደ ጎን ታጥፎ ከሰውነቱ ጠርዝ ውጭ ይጨርስ፤ ለእርስዎ አጠቃቀም እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ በበሩ ሥር የሚወጣ ቱቦ በሩ ለተነቀለ መኪና አይሆንም። ጫፉን ወደ መሬት ማጠፍም አቧራ ከማስነሣትና ጭሱን በመኪናው ሥር ከመበተን በቀር ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ የሚሸተኝ ጭስ ሳይሆን ቤንዚን ነው፤ ዓይናችንንም ይቆጠቁጠናል። ማርሚታው ግን አዲስ ነው።

በመጀመሪያ የነዳጅ መስመሩን፣ የታንከሩን ክዳንና የመተንፈሻ ቱቦውን ይፈትሹ፤ የሚያፈስ ቤንዚን ከጭስ በፊት እሳት ያመጣል። እነርሱ ደኅና ከሆኑ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ይጠርጥሩ። ይህ በደጋ ለምንኖር ሰዎች የተለየ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ አየሩ ቀንሶበት ቤንዚኑን ግን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ በቤንዚን ይበዛል፤ ነዳጁ ተቃጥሎ አያልቅም፣ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝም ይጨምራል። ካንዴላዎቹን ነቅለው ይመልከቱ፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ምልክቱ ይህ ነው። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ ርካሽ ስለሆነ በእርሱ ይጀምሩ። ሚኒሞውን (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበትን ልክ) ብቻ ማስተካከል በቆመበት ያለውን ጭስ እንጂ በመንገድ ላይ ያለውን አይለውጥም፤ ዋናው የቤንዚን ማሳለፊያ ለከፍታው የሚስማማ ቁጥር (የቀዳዳ መጠን) ያስፈልገዋል።

የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ከሆነ ደግሞ ዘይት ከቴስታታው ክዳን በጋለው ማኒፎልድ ላይ እየተንጠባጠበ እንደሆነ፣ ወይም ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) አልቀው በዘይት መሙያው በኩል እየተነፈሰ እንደሆነ ይዩ።

ጥያቄ፦ የእኔ በናፍጣ የሚሠራ ላንድክሩዘር ነው። ናፍጣ አይገድልም ይባላል።

የናፍጣ ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቤንዚን ሞተር በእጅጉ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጥላሸቱና የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ሳንባን ይጎዳሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጦ በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። በየቀኑ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ካለዎት የተነገረው ሁሉ ለእርስዎም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከኋላ ሲቀመጡ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ናት። ሽታው ግን ያን ያህል አይደለም።

ወንድሜ፣ መኪናው እስኪጠገን ድረስ እባክዎ አያሳፍሯቸው። የሚሸተው ሌላው ጭስ ነው፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አፍኖ የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ጥቂቱም ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ልጆች ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ከአዋቂ ቀድመው ይጎዳሉ፤ የፅንስ ደም ደግሞ ጋዙን ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፣ ለመልቀቅም ይዘገያል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ጉዳቱ ይብሳል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ያለ ልክ የሆነ እንቅልፍ በአንድ ላይ ሲመጡ መኪናውን ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ያውጡ። ራሱን የሳተ ወይም ግራ የተጋባ ሰው ካለ፣ ወይም ከታመሙት አንዷ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ የተሻላቸው ቢመስልም በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው፤ ሲደርሱም «የመኪና ጭስ ነው» ብለው ይናገሩ። በተራ አየር ግማሹ ጋዝ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስድበታል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። ወተት መጠጣት ለዚህ ምንም አይረዳም፤ ወተት ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ግን ይጎዳል። ጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያም እንዳያታልልዎ፤ አብዛኛው በጋዙ የተያዘውን ደም በኦክስጅን ከተሞላው ስለማይለይ ታማሚው በአደጋ ላይ ሳለ እንኳ ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ጂፕ ራንግለር አለኝ። የቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ መርማሪ መሣሪያ መኪናው ውስጥ ባስቀምጥ ይበቃል?

አይበቃም። በአሜሪካ የሚሸጡት የቤት መሣሪያዎች የተሠሩት በስህተት እንዳይጮኹ ታስቦ ነው፤ በ70 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 70 ክፍል ጋዝ) መጠን ለመጮኽ ከ1 እስከ 4 ሰዓት፣ በ150 ፒፒኤም ደግሞ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ ይቆያሉ። መጠኑን በየቅጽበቱ በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ተንቀሳቃሽ መለኪያ ይግዙ፤ ከኋላ ወንበር ላይም በሚቀመጥ ሰው አፍንጫ ልክ ይሰሩት። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ካታላይዘር ሲግል አብዛኛውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለውጠዋል፤ ቀዝቃዛ ሞተር እንደተነሣ ግን ገና አይሠራም፤ ከእርሱ በፊት ያለ ስንጥቅም ያልተጣራ ጭስ ያስወጣል። የኋላ መስኮቱን ብቻ ከፍተው አይንዱ፤ ጣሪያውን ከከፈቱ የፊት መስኮቶቹንም ይክፈቱ፣ ማራገቢያውንም ከውጭ አየር እንዲስብ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ጭቃ ውስጥ ተይዘን ሞተሩን እያስጓራን ሳለ ጭሱ ከወለሉ ወጣ። ቀድሞ አያፈስም ነበር።

የማርሚታው ጫፍ ጭቃ ውስጥ ሲቀበር ጭሱ ወደ ኋላ ተገፍቶ በደካማው መጋጠሚያ ይወጣል። ሞተሩን አጥፍተው ጫፉን በአካፋ ያውጡ፣ ከዚያ ያስነሱ። ቆመው ሌላ መኪና ሲጠብቁም ነፋሱ ከኋላ የሚመጣ ከሆነ ሞተሩን ያጥፉት፤ በጉዞ ላይ ደግሞ ከፊትዎ ካለው መኪና አቧራው እስኪሰክን ድረስ ይራቁ።

ጥያቄ፦ ሙቀት የሚችል ማሸጊያ ፕላስተር ይሠራል?

ቤትዎ እስኪደርሱ ድረስ ብቻ።

ጥያቄ፦ ሁሉን አስጠግኜ መዳኑን በምን አረጋግጣለሁ?

ክሮቹን እንደገና ይሰሩ፣ መለኪያውን ከኋላ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ሸራውን በምትጠቀሙበት መንገድ ሁሉ፣ ማለትም ለብሶ፣ ተገፎና ግማሽ ሆኖ፣ ለየብቻው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንዱ። ዳገት ሲወጣ የሚታየውን ቁጥር ከሜዳው ለይተው ይያዙ፤ ሞተሩ ሲጨነቅ የሚወጣው ጭስ ይበዛልና። አዲስ ጓርኒሲዮን ከጥቂት ቀን ግለትና ቅዝቃዜ በኋላ ስለሚሰክን፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የማኒፎልዱን ዳዶዎች ከመካከል ወደ ዳር እያሉ ድጋሚ ያጥብቁ፤ የጠዋቱንም ድምፅ እንደገና ያዳምጡ።