ዓለም አቀፍ አገልግሎት ላይ ልትሠሪ ላሰብሽው እህቴ፦ መጠይቁን ገና አትበትኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የማስተርስ መመረቂያሽን ዓለም አቀፍ አገልግሎት ላይ ልትሠሪ ነው። አማካሪሽ «መጀመሪያ ምን ማለትሽ እንደሆነ ለዪ» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ የሰርቭኳልን (የአገልግሎት ጥራት መለኪያውን) መጠይቅ ሁለት አገር ላይ በትኜ ባወዳድር ይበቃል ወይ ብለሻል። እኔም በዚሁ ያለፍኩ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ። አማካሪሽ ልክ ነው።

1. አገልግሎቱ ድንበር የሚሻገረው እንዴት እንደሆነ ሳትለዪ አንድ ጥያቄ እንኳ አትጻፊ። «አገልግሎት አይዳሰስም፣ አይከማችም» እያልሽም ገጽ አትሙዪ፤ ፈታኞች ያንን አንብበው ሰልችቷቸዋል። ጋትስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የዓለም ንግድ ድርጅት የአገልግሎት ንግድ ስምምነት፣ አራት መንገዶችን ለይቷል። የእኔ ጥናት ከፍተኛ ትምህርት ላይ ስለነበር በእሱ ላሳይሽ። ተማሪው አገሩ ቁጭ ብሎ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ በኢንተርኔት ሲወስድ፣ አንድ። ራሱ ተነስቶ ሄዶ ሲማር፣ ሁለት። ዩኒቨርሲቲው ተማሪው አገር መጥቶ ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ ሦስት። መምህሩ ለአጭር ጊዜ መጥቶ አስተምሮ ሲመለስ፣ አራት። ትምህርቱ ያው ትምህርት ነው። ተማሪው የሚያማርርበት ነገር ግን ለየቅል ነው። አንዱ ኔትወርክ ያማርራል። ሌላው ቪዛና የቤት ኪራይ። የቅርንጫፉ ተማሪ ደግሞ «ዲግሪዬ ከዋናው ግቢ እኩል ይታያል ወይ» እያለ ይጨነቃል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቀሽ አማካይ ብታወጪ፣ የማንንም ስሜት የማይገልጽ ቁጥር ነው የምታገኚው።

2. ዳታ። እዚህ ላይ በደንብ ልናገር፣ ያቃጠለኝ ይሄ ነውና። ከውጭ ተማሪዎች የሚገኘውን ገቢ ፈልጌ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ፣ ስታቲስቲክስ የሚይዝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ትምህርት ዕቃ ነው እንዴ ወደ ውጭ የሚላከው? ጉምሩክ ሂድ» አለኝ። አገልግሎት በጉምሩክ አያልፍም ብዬ ላስረዳው ስል «ቀጣይ!» ብሎ ከኋላዬ ያለውን ጠራ። በጣም ነው የተናደድኩት። ቁጥሩን እንዲይዝ የተቀመጠ ሰው ምን እንደያዘ አያውቅም! ደግነቱ አጠገቡ የምትሠራ ሴትዮ በሩ ላይ ደረሰችብኝና «ክፍያ ሚዛን ውስጥ፣ ጉዞ የሚለው ሥር እይ» አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

እውነቷን ነበር። የክፍያ ሚዛን ማለት አንድ አገር ከሌሎች አገሮች ጋር ያደረገው ግብይት የሚመዘገብበት ነው። የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የክፍያ ሚዛን መመሪያ፣ ስድስተኛው እትም፣ አገልግሎትን በ12 ክፍል ይመድባል። ውጭ ሄዶ የሚማር ተማሪ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ፣ ኪራዩ፣ ምግቡ፣ ሁሉም «ጉዞ» ውስጥ ነው የሚገባው። ሌላ ሰው ውጭ አገር ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖረ የዚያ አገር ነዋሪ ተብሎ ይቆጠራል። ተማሪና ታካሚ ግን ዓመታት ቢቆዩም የአገራቸው ነዋሪ እንደሆኑ ይቀጥላሉ። ቅርንጫፉ ደግሞ እዚያም የለም። ቅርንጫፉ ለአገሩ ሰው የሚሸጠው ነገር የውጭ ኩባንያ ቅርንጫፎች ስታቲስቲክስ በሚባል ለብቻው ነው የሚያዘው፤ ብዙ አገር ጭራሽ አይሰበስበውም። የዓለም ንግድ ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ከዓለም የአገልግሎት ንግድ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው በዚሁ በሦስተኛው መንገድ እንደሄደ ገምቷል። እንግዲህ በክፍያ ሚዛን ብቻ «ዓለም አቀፍ አገልግሎት አጠናሁ» የሚል ሰው ትልቁን ክፍል ሳያየው አልፏል ማለት ነው። እኔ አራቱን መንገዶች ከነዳታ ምንጫቸው በአንድ ሠንጠረዥ አስቀመጥኩ። ዲፌንሱ ላይ የውጭ ፈታኙ ለራሱ ተማሪዎች እንድሰጠው ጠየቀኝ። በዚያ ሠንጠረዥ እስከዛሬ እኮራለሁ።

3. ሰርቭኳል መጥፎ አይደለም። ፓራሱራማን፣ ዛይታምልና ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጧቸው 22 ጥያቄዎች ግን አሜሪካ ውስጥ በባንክ፣ በክሬዲት ካርድ፣ በዕቃ ጥገናና በመሳሰሉት ደንበኞች ላይ የተፈተኑ ናቸው። ስታስተረጉሚው ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰውና አስተያዪው። ይሄን ብዙ ሰው ያደርገዋል። የሚዘለለው ቀጥሎ ያለው ነው። የአንዱ አገር ሰው 5 ላይ ለማክበብ አይሰስትም። የሌላው እጅግ ረክቶም 4 ላይ ይቆማል።

አብሮኝ የተማረ ልጅ «ስታቲስቲክስ እሠራለሁ» ለሚል ሰው ከፍሎ ቲ-ቴስት፣ ማለትም የሁለት ቡድን አማካይ ማወዳደሪያ፣ ብቻ አሠራ። የአንደኛው አገር ደንበኞች የበለጠ ረክተዋል ብሎ ደመደመ። ፈታኙ «መለኪያህ ሁለቱም ጋ አንድ ነገር መለካቱን በምን አወቅህ?» አለው። መልስ አልነበረውም። ሴሚስተሩን ደገመ። ገንዘቡን የበላው ሰውዬ ስልክ ማንሳት አቆመ። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ኮንፈርማቶሪ ፋክተር አናሊሲስ ሥሪ፤ ጥያቄዎቹ የታሰበውን ነገር በእርግጥ ይለኩ እንደሆነ የሚፈትሽ ስሌት ነው። ጥያቄዎቹ ሁለቱም አገር ላይ በአንድ ዓይነት መቧደናቸውን እይ። ቀጥሎ ሎዲንጎቹ፣ ማለትም እያንዳንዱ ጥያቄ ከሚለካው ነገር ጋር ያለው ዝምድና ጥንካሬ፣ እኩል መሆናቸውን። ከዚያ ኢንተርሴፕቶቹን፣ ማለትም እኩል የረኩ ሰዎች ጥያቄው ላይ እኩል ነጥብ ይሰጡ እንደሆነ የሚያሳየውን መነሻ። ሁለተኛው ፍተሻ ካለፈ «ጥራት እርካታን ይጨምራል ወይ» የሚለውን ዝምድና በሁለቱ አገር ማወዳደር ትችያለሽ። አማካይ ለማወዳደር ግን ሦስተኛውም ማለፍ አለበት። የእኔ ሦስተኛውን ያለፈው በከፊል ነው። የትኞቹ ጥያቄዎች እንዳላለፉ ዘርዝሬ ጻፍኩ፣ ፈታኞቹም ሥራዬን ያከበሩት በዚያ ነው። ለዚህ ሁሉ ከየአገሩ ቢያንስ 200 ያህል መልስ ቢኖርሽ ይሻላል፤ ጊዜሽን ከአሁኑ አስቢበት።

አሁን የምታጠኚው የትኛውን አገልግሎት እንደሆነ፣ ድንበር የሚሻገረው ደንበኛው ይሁን ድርጅቱ ጻፊልኝ። ሠንጠረዤን ላንቺ በሚሆን መልኩ አስተካክዬ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።