እህቴ ከዱባይ የቱኒዚያ ኪሮሽ ላምጣልሽ ብላኛለች፣ የቱን ልበላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ ዳንቴል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰራለሁ፣ ሰሞኑን ግን ዩቱብ ላይ የቱኒዚያ ኪሮሽ የሚሉትን አይቼ ልቤን ወሰደው። ቤት ባለኝ ኪሮሽ ስሞክረው አልሆን አለኝ፣ ቀለበቶቹ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፣ ግማሹ ደሞ በኋላ በኩል ሾልኮ ይወጣል። እህቴ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ትመጣለችና ፎቶ በፎቶ አድርጋኛለች፣ አስራ ሁለት የያዘ ፓኬት አለ፣ አንዱ ብቻውን ከፓኬቱ የሚወደድም አለ። ምኑ ነው ልዩነቱ? ያሰብኩት ለልጄ ብርድ ልብስ ነው። ዳንቴል ወዳዷ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ አስራ ሁለቱን ተይው በያት፣ አንድ ደህና ይበቃሻል። እኔም እንዳንቺ በርካሽ ተታልዬ ከመርፌው (ከኪሮሹ) ኋላ ገመድ የተያያዘለት የቀርከሃ ፓኬት አስመጥቼ ነበር፣ ብርድ ልብሱን ክንድ ያህል ካደረስኩት በኋላ ገመዱ ከእንጨቱ ላይ እልም ብሎ ወጣና ያ ሁሉ የለቀምኩት ቀለበት ተንሸራቶ አለቀ፣ ቡናው ቀዝቅዞ እኔ መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ ስለቅም ዋልኩ።

ያንቺ ችግር ከእጅሽ አይደለም፣ ከመርፌው ነው። በዳንቴል አንዷን ጨርሰሽ ነው ወደ ሌላዋ የምታልፊው፣ በቱኒዚያው ግን ስትሄጂ የረድፉን ቀለበት በሙሉ መርፌው ላይ ትለቅሚያለሽ፣ ስትመለሺ ሁለት ሁለት እያደረግሽ ታወርጂያለሽ፣ ስራውንም አታዞሪውም። ስለዚህ መርፌው ረጅም ሆኖ የኋላ ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ያለ ማቆሚያ ያስፈልገዋል፣ ውፍረቱም ከአንገቱ እስከ መጨረሻው እኩል መሆን አለበት። ያ የጎማ እጀታ ያለው ለእጅ ይመቻል የሚባለው ለዳንቴል ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን ቀለበቱ እጀታው ላይ ሲደርስ ይለጠጣል፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጠፍጣፋው ጋ ደሞ ይጠባል፣ አንድ ሰፊ አንድ ጠባብ ያልሽኝ እኮ ይሄው ነው።

ለሻርፕ ቀጥ ያለው 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው ይበቃል። ለብርድ ልብስ ግን ገመድ ያለው ነው፣ ከ80 እስከ 100 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱም እጅሽ ላይ ሳይሆን ጭንሽ ላይ ያርፋል። እና ዋጋው ያለው መገናኛው ላይ ነው፣ ገመዱና መርፌው የሚገጠሙበት ቦታ ላይ። ኒትፕሮ የሚባለው ብራንድ መርፌዎች በብሎን ገብተው በትንሽ ቁልፍ መሳይ ሽቦ ይጠብቃሉ፣ እኔ ከዚያ አደጋ በኋላ በነሱ ነው የምሰራው። ዝም ተብሎ የተሰካ ከሆነ ብትተወው ይሻላል።

እህትሽ ሱቅ ውስጥ ስትሆን ነጠላ ከያዘች ነጠላዋን፣ ካልያዘች ስቶኪንግ፣ መርፌው ላይ ከአፉ እስከ መገናኛው ቀስ አድርጋ ትጎትተው፣ አንድ ቦታ ከያዘው ክርሽንም ይይዘዋል። አፉንም ትየው፣ በጣም ከሾለ ክሩን ይሰነጥቃል፣ በጣም ከደነዘዘ ደሞ ቀለበት ውስጥ ለመግባት ትግል ነው። የቀርከሃ ሆኖ ትንሽ የሻከረ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ ሰም ቀብተሽ በጨርቅ መወልወል ነው፣ የመገናኛ ችግር ግን በምንም አይድንም።

እንጨት ወይስ አሉሚኒየም ለሚለው፣ ገና ስለምትለማመጂ እንጨት ወይ ቀርከሃ ልበልሽ፣ በተለይ ክርሽ የሚያንሸራትት አክሪሊክ ከሆነ። አሉሚኒየሙ ይፈጥናል ግን ቀለበቱንም ያፈጥነዋል።

ቁጥሩን ደሞ እንዳትሳሳቺ፣ የክሩ ወረቀት 4 ሚሊሜትር ካለ አንቺ 5.5 ወይ 6 ግዢ፣ በ4 ከሰራሽው እንደ ቆርቆሮ ይደርቅና ዳሩ እንደ ሰሌን ይጠቀለላል። በትልቅ መርፌም ቢሆን ትንሽ መጠቅለሉ አይቀርም፣ ስትጨርሺ አርጥበሽ ወጥረሽ ማድረቅ ነው። እህትሽ የአሜሪካኖቹን ኤች ምናምን ጄ ምናምን የሚል ፊደል ትታ ሚሊሜትሩን ብቻ ታንብብ።

ገመዱ ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ ከመጣ አትደንግጪ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ንከሪውና ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ይቃናል።