መልስ፦ ረግረግ በሌለበት ሰፈር ወባ ከየት ይመጣል?

እህቴ፣ «ድሬዳዋ ነው የምንኖረው። ረግረግ የለም፣ ዝናብም ከጣለ ቆይቷል። ወባው ከየት መጣ?» ብለሻል። መጀመሪያ ግቢሽ ውስጥ ያለውን የውሃ በርሜል ክፈችና እዪ።

አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል ወባ አስተላላፊ ቢምቢ አለ። ከደቡብ እስያና ከአረቢያ በኩል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። የለመድነው የወባ ቢምቢ ዝናብ ያቆረውን ኩሬ ይመርጣል። ይሄኛው ግን በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይመቸዋል። በጋ ነው ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

በስልክሽ መብራት ውሃውን ቀስ ብለሽ እዪው፤ ከነቃነቅሽው እጮቹ (ከእንቁላል የወጡት፣ ገና ክንፍ የሌላቸው ቢምቢዎች) ወደ ታች ይሰምጣሉ። ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ተኝተው ካየሽ የአኖፊለስ፣ ማለትም የወባ ቢምቢ ወገን ናቸው። ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ከተንጠለጠሉ ሌላ ዓይነት ነው፣ ምናልባትም ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የሚያስተላልፈው። እሱ ደግሞ በቀን ነው የሚነክሰው፤ የማታ አጎበር ብቻውን አያስጥልም።

የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላል ለማፍራት ደም ያስፈልጋታል። በሙቀት አገር እንቁላሉ በ10 ቀን ገደማ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ስለዚህ በርሜሉን በየሳምንቱ ድፊና ግድግዳውን በደንብ ፈትጊው። የዴንጊዋ ቢምቢ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ድርቀትን ለወራት ይቋቋማል። ውሃ ብርቅ ሆኖ መድፋት ካልቻልሽ፣ ቀዳዳ በሌለው ክዳን ወይም በደቃቅ ወንፊት ጥርቅም አድርገሽ ሸፍኚው። ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ግን ዛሬውኑ ይመርመር።