የአፈር የመሸከም አቅም፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የአፈር ምርመራ ሪፖርቱ በ1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ውኃ የጠገበ ሸክላ እንደሆነና የሸር ጥንካሬውም (መንሸራተትን የሚቋቋምበት አቅም) 50 ኪሎፓስካል እንደሆነ ይገልጻል። 600 ኪሎኒውተን ለሚያወርድ ኮለን (ምሰሶ) የካሬው ፉቲንግ (ከምሰሶው ሥር ያለው መሠረት) ስፋት ስንት ይሁን?

መልስ፦ ውኃ የጠገበ ሸክላ ጭነት በፍጥነት ሲያርፍበት ውኃው ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ የውስጥ ፍትጊያ አንግሉ (የአፈሩ ቅንጣቶች በመፋተግ የሚሰጡት ጥንካሬ መለኪያ) ዜሮ ተደርጎ ይወሰዳል። በዚህ ጊዜ የአፈር መካኒክስ መሐንዲሱ ካርል ተርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1943 ካሳተመው ቀመር የተጣራው አቅም (የጎኑ አፈር ክብደት ሳይደመር) 1.3 × 50 × 5.7 (1.3 ለካሬ ቅርጽ፣ 5.7 ለዜሮ አንግል የሚሰጡ የቀመሩ ቁጥሮች ናቸው)፣ ማለትም 370.5 ኪሎፓስካል ይሆናል። ይህም በ3 ሲካፈል 123.5 ስለሚሆን የሚያስፈልገው ስፋት 4.86 ካሬ ሜትር ነው፤ 2.25 በ2.25 ሜትር ይበቃል። በተደጋጋሚ የማየው ስሕተት፣ ከፉቲንጉ ግርጌ በላይ በጎኑ ያለውን አፈር ክብደት (በሜትር ኩብ 18 ኪሎኒውተን × 1.5 ሜትር = 27 ኪሎፓስካል) በአቅሙ ላይ ደምሮ በጭነቱ በኩል ግን የኮለኑን ብቻ መያዝ ነው። ጠቅላላውን አቅም የወሰደ ሰው የፉቲንጉንና በላዩ የተመለሰውን አፈር ክብደትም በጭነቱ ላይ መደመር አለበት።

ጥያቄ፦ ለምን በ3 እናካፍላለን?

መልስ፦ ሰፊ ቦታ በጥቂት ጉድጓዶች ስለሚወከልና ናሙናውም ሲወጣ ስለሚረበሽ ነው። አካፋዩ መስመጥንም በከፊል ይገታል፤ የመስመጥን ስሌት ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ ፉቲንጉን ባሰፋው በካሬ ሜትር የሚሸከመው ይጨምራል?

መልስ፦ በመጀመሪያው ጥያቄ በተጠቀሰው ሸክላ አይጨምርም፤ በስሌቱ ውስጥ የፉቲንጉ ስፋት የገባው ጭነቱን ለማካፈል ብቻ እንደሆነ ልብ ይበሉ። በአሸዋ ላይ ግን ወርዱ ራሱ በቀመሩ ሦስተኛ አባል (የመጀመሪያው የአፈሩ ትስስር፣ ሁለተኛው የጎኑ አፈር ድርሻ ነው) ውስጥ ስላለ አቅሙ ከፍ ይላል፤ ሆኖም በካሬ ፉቲንግ ሥር ያለው ጫና የወርዱን ሁለት እጥፍ ጥልቀት ወርዶም ከመነሻው አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚቀር፣ ሰፊ ፉቲንግ ጠባቡ የማይደርስበትን ደካማ ንብርብር ሊጫን ይችላል። ስለዚህ በአሸዋ ላይ ላረፈ ሰፊ ፉቲንግ መጠኑን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የአፈሩ መሰበር ሳይሆን በተለምዶ እስከ 25 ሚሊሜትር የሚፈቀደው መስመጥ ነው።

ጥያቄ፦ ቁፋሮው በደረቅ ወቅት በአሸዋ ላይ ተካሂዶ ውኃ አልተገኘም። ውኃውን ከስሌቱ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ውኃው እስከ ፉቲንጉ ግርጌ ከወጣ ከሥሩ ያለው አሸዋ ውጤታማ ክብደት (ውኃው የሚያነሳው ተቀንሶ የሚቀረው) በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ ሦስተኛው አባል በዚያው ልክ ያንሳል፤ እስከ መሬቱ ገጽ ከደረሰ ደግሞ የጎኑ አፈር ድርሻም አብሮ ይቀንሳል። ስሌቱን ቆፋሪው ባገኘው ደረጃ ሳይሆን በሕንፃው ዕድሜ ውስጥ ይደርሳል ተብሎ በሚገመተው ከፍተኛው የውኃ ደረጃ ይሥሩት።